አባቴና ጅቡ ጎን ለጎን የታዩ ዕለት

አባቴ ጅብ አለመሆኑን በሕዝብ ፊት ያረጋገጥኩ ሰው ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እናንተ አባታችሁ ጅብ አለመሆኑን ማረጋገጥ አስፈልጓችሁ አያውቅም፤ ታድላችኋል። እኔ ግን መካነ ሰላም ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየ አረጋግጫለሁ። ማረጋገጫዬ የት እንደገባ ደግሞ ቁጭ በሉና ላውራችሁ።

ዘይነባ እባላለሁ። ዛሬ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሙሽራም ሆነ ተማሪ እኔ ጋ ነው የሚሠራው። ያኔ ግን አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው መታወቂያ ስገለብጥ የምውል ልጅ ነበርኩ። አባቴ አያ እንድሪስ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምሳሩ ከሱ እጅ ነው የሚወጣው። የአካባቢው ገበሬ በአባቴ ብረት ያርሳል፤ አርሶ ያመጣውን እንጀራ ግን አባቴ በደጃፉ ሲያልፍ ይሸፍናል። ለምን? ጠይብ ነዋ! ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፤ ቡዳ ሰው በዓይኑ ይበላል፤ ሲያሰኘው ጅብ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም፤ እኛ አገር ከእናት ጡት ጋር ነው የሚጠባው።

ወሎ ውስጥ ታላቅ ሰው "አያ" ተብሎ ይጠራል። ተረት ላይ ደግሞ ጅቡ "አያ ጅቦ" ነው። ልጅ ሳለሁ ሰው አባቴን "አያ" ሲለው ማክበሩ ይሁን ነገር መፈለጉ ለመለየት ፊቱን ማየት ነበረብኝ።

እውነቱን ልናገርና ቡዳ መባል ጥቅምም አለው። ዶሮአችን ተሰርቆ አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ አባቴ አጠገብ የሚቀመጥ ስለማይገኝ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚሄደው። ወረፋ ላይ "ይለፉ አያ እንድሪስ" ይሉታል፤ ከኋላቸው እንዳይቆም ነው። አባቴም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የቸኮለ ለት ዓይኑን ፈጠጥ ያደርጋል። እናቴ "ተው አንተ ሰውዬ!" ትለዋለች። ጣጣው የሚመጣው ጋብቻ ላይ ነው።

አህመድ የሚባል መምህር ወድጄ ነበር። እሱም ወዶኛል። ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ እናቱ አልጋ ላይ ወጥታ ተኛች። "የጠይብ ልጅ ቤቴ ከምትገባ ሞቴን ያምጣው!" ብላ እህል ውሃ እንቢ አለች። አህመድ የተማረ ነው፤ ግን ደግሞ የእናቱ ልጅ ነው። "ዘይኔ፣ ትንሽ ታገሺኝ። አባትሽ እንደሚባለው አለመሆናቸውን ቀስ ብዬ አሳምናታለሁ" ይለኛል። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ አበጋዝ ናቸው፤ ሰፈሩ ሰው ሲሞትበት ቀብሩንም ለቅሶውንም የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ሰው ተሰብስቧል። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

"እንዴት አደራችሁ" አሉ፤ ደፉን ሳይረግጡ። "እንድሪስ አለ?"

"የለም" አለች እናቴ። "ትናንት ወረኢሉ ሄዷል፤ ባሌስትራ ሊገዛ።" አባቴ ማረሻ የሚያወጣው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው።

ሰዎቹ ተያዩ።

"ትናንት ሄደ። እና አልተመለሰም?"

"አልተመለሰም። ምነው፣ በደህና?"

ጋሽ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አይ፣ እዚያ የሆቴሉ ጉድጓድ ውስጥ… ማለት… ጅብ ገብቷል።"

እናቴ አተኩራ አየቻቸው። "እና ባሌን ነው እንዲያወጣላችሁ የምትፈልጉት?"

"ከዲጃ፣ አትቆጪ። ሰው የሚለውን ነው የምነግርሽ። ጅቡ አንገቱ ላይ ብረት አለበት።"

"ጫማስ አድርጓል?" አለች እናቴ። "ትናንት ሲወጣ ጫማ አድርጎ ነበር።"

በሩን ዘጋችባቸው። ከዘጋች በኋላ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች መስሎኝ ጠጋ አልኩ፤ እያለቀሰች ነበር። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጉድጓዱን ታውቁት እንደሆነ እንጃ። አንድ ባለሀብት ሆቴል እሠራለሁ ብሎ ለሽንት ቤት ያስቆፈረው ነው። ሆቴሉ ሳይመጣ ቀረ፤ ጉድጓዱ ግን ለእኛ ተረፈ። ሰው ዙሪያውን እንደ ኳስ ሜዳ ከቦታል። እየተጋፋሁ ገብቼ ወደ ታች አየሁ። ጅብ ነው። ጥግ ይዞ ተኮራምቷል። ሰውነቱ በጭቃ ተለውሷል፤ አንገቱ ላይ የወጥመድ ሽቦ ገብቶበት ሥጋው ቆስሏል። እኔ ጅብ ከሚፈሩት ነኝ፤ በሬዲዮ ድምፁን ስሰማ እንኳ ደስ አይለኝም። ይሄኛው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

"ዓይኑን እዩት! ቁርጥ እንድሪስ!"

"ሲያኮርፍ እኮ እንዲህ ነው የሚሆነው።"

አንዲት አሮጊት ጭራሽ ጎንበስ ብለው "አያ እንድሪስ፣ ምን ሆኑብን? ተርበው ነው?" እያሉ ጅቡን አንቱ ይሉታል። ሰው ሲስቅባቸው "እሳቸው ከሆኑስ? ማክበር ምን ይጎዳል!" አሉ።

ከፊት ረድፍ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? የአህመድ እናት! ከአልጋዋ ተነስታ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣ እንደ ሰርግ ቤት ታዳሚ ቆማለች። እኔን ስታይ "ይኸው ልጁም መጣች" አለች። ደሜ ፈላ።

እንደ መብረቅ የመጣልኝ ግን እዚያው ነው። ሰው ባንዴ ሁለት ቦታ አይሆንም! አባቴ ከወረኢሉ መጥቶ፣ ይሄ ጅብ ጉድጓድ ውስጥ እያለ፣ ጠርዙ ላይ ቢቆም አለቀ። በጠይብ ታሪክ እንዲህ ያለ ዕድል ተገኝቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ጅቡ ሲታይ ሰውዬው የለም፤ ሰውዬው ሲኖር ጅቡ የለም። ዛሬ ሁለቱም ሊገናኙ ነው፤ የአህመድ እናትም በቦታው አለች። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልገኛል፤ አባቴ እስኪደርስ ጅቡ በሕይወት እዚያው መቆየት አለበት። ከሞተ "እንድሪስ ሸሽቶ ወጣ" ይባላል። ካመለጠም ያው ነው።

ስልኬን አወጣሁ። የቴሌዋ ሴትዮ "የደወሉላቸው ደንበኛ ከሽፋን ክልል ውጪ ናቸው" እያለች ደጋግማ አንጀቴን ከበጠሰችው በኋላ ጥሪው ሰተት ብሎ ገባ።

"ሃሎ! አባዬ!"

"ማን ሞተ?" አባቴ ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

"ማንም አልሞተም። የት ደረስክ?"

"መንገድ ላይ ነኝ። ጎማ ፈንድቶ ቆመናል።"

"ቶሎ ና! ጉድጓድ ውስጥ ገብተሃል።"

"ማን?"

"አንተ። ጅብ ሆነህ።"

"ዛሬስ ወላሂ እዚሁ ነኝ" አለ። ቀጠለና "ተጎድቷል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ማን?"

"ጅቡ ነዋ!"

መስመሩ ተቋረጠ።

ጎረምሶቹ ድንጋይ መልቀም ጀምረዋል። "እንግደለው!" የሚል በዛ። ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ እስቲ፣ እንግደለው ብቻ አይደለም። እንድሪስ ቢሆንስ? ሲሞት ወደ ሰውነቱ ከተመለሰ ቅሬው ነው የሚቀብረው። በቅሬው ደንብ ላይ ደግሞ ሰውን ገድሎ መቅበር የለም።"

"የኔ ማረሻ እሱ ቤት ነው ያለው" አለ አንድ ገበሬ። "መጀመሪያ ማረሻዬን ልቀበል።"

ነገሩ በዚህ ተይዞ ሳለ አንዱ ወርወር አደረገ። ድንጋዩ የጅቡን ጎን መታው፤ ጅቡ እንደ ሰው አቃሰተ። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወጥቼ ቆምኩና "በሉ ግደሉት!" ብዬ ጮህኩ። "ግን አባቴ ከሆነ፣ እኔም የሱው ልጅ ነኝ። የወረወረውን ሁሉ ፊቱን አይቼዋለሁ!" ዓይኔንም እንደ አባቴ ፈጠጥ አደረግሁት። ድንጋዩ ከየእጁ ዱብ ዱብ አለ። ያን ያህል ይሠራል አላልኩም ነበር።

ከእነዚህ ስገላገል ደግሞ አንድ ደግ ሰውዬ መጣብኝ። የእንስሳት ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ከደሴ የተመደበ፣ ረጅም ሳንቃ አሸክሞ።

"እህቴ፣ ዞር በይ። እንስሳው እየተሠቃየ ነው። ሳንቃውን አጋድመንለት ሰው ዞር ካለ ራሱ ይወጣል።"

"አይወጣም!"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አባቴ ሳይመጣ ማንም ወዴትም አይወጣም!" ብዬ ሳንቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ወደ ሕዝቡ ዞረና ማስተማር ጀመረ። ጅብ የሞተ ከብት ጠራርጎ ባይበላልን ከተማው በግማት እንደሚያልቅ፣ እኛ የምንጥለውን አጥንት የሚያነሳው እሱ እንደሆነ፣ መንጋውን የምትመራው ሴቷ እንደሆነች ነገራቸው። ሰው ጆሮ ሰጠው፤ ደስ አለኝ።

"እንዲያ ከሆነ ይሄ ወንድ ነው ሴት?" አለ አንዱ።

"እንግዲህ፣ የጅብ ወንዱና ሴቷ ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ከዚህ ሆኖ ለመለየት ያስቸግራል" አለ ባለሙያው፤ የዋህ።

"አላልኳችሁም!" ብሎ ጮኸ ሰውዬው። "ወንድ ይሁን ሴት ያልለየለት፣ ይሄ የደህና ነው?" ትምህርቱ በዚሁ አበቃ።

ትርንጎ የመጣችው ይሄኔ ነው። የአጥር ጎረቤታችን ናት። ልጇን ማሬን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች። ማሬ ገና ለትምህርት ያልደረሰች ሕፃን ናት፤ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከች መጥታ አባቴ ብረት ሲያግል ወናፉን ካልነፋሁ ብላ የምታስቸግር፣ ለፍላፊ። ያን ለት ግን አንገቷ ራሷን መሸከም አቅቶታል። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አንገቷ ላይ ክታብ ተደርድሯል።

"ትርንጎ፣ ምን ሆና ነው?"

"ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፤ ውሃ እንኳ አልረጋ አላት" አለች። "አባትሽ ነው የበላት። ወናፉን ስትነፋ አይቷታል።"

"ሐኪም ቤት ውሰጂያታ!"

"ቡዳ የበላውን መርፌ ወግተው ሊጨርሱልኝ? ልጄ ባንድ መርፌ እልም ትላለች!" አለችና ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ ጅቡን ትለምነው ጀመር። "አያ እንድሪስ፣ በወለዷት ልጅ ይዤዎታለሁ፤ ልጄን ይትፉልኝ!"

ቡዳ የበላውን የሚያድነው የቡዳው ምራቅ ነው ይባላል። በላተኛው ተይዞ እንትፍ ካለባት ልጅቷ ትነሳለች። ትርንጎ ከጅብ ምራቅ ስትለምን ሳይ ልስደባት ወይስ ላቅፋት ጠፋኝ። "አንቺ ሴትዮ! ይሄ ጅብ ነው፣ ጅብ!" አልኳት። አልሰማችኝም።

ባጃጅ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ባሌስትራውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወረደ። አቧራ ለብሷል፤ ጢሙ ብቻ ተበጥሯል። ሕዝቡ መንገድ ከፈተለት፤ ያው ለሱ ሁልጊዜም ይከፈትለታል። ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ጠርዙ ላይ አቆምኩት።

"እዩ! ይሄ አባቴ። ያ ጅብ። ሁለት ናቸው! ቁጠሩ!"

ጋሽ አበጋዝ ጅቡን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ደግመው ጅቡን አዩ። "ሁለት ናቸው" አሉ። የአህመድ እናት ጥላዋን አጠፈች። ወላሂ አጠፈች!

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጅቡን መረመረው። "ይሄ ነው እኔን የሚመስለው?" አለ፤ የምር ተቀይሞ። "ጢም እንኳ የለውም!"

ሰው ሳቀ። አብሮት ሳቀ ነው የምላችሁ፤ አባቴ ላይ አይደለም። ጋሽ አበጋዝ ቆባቸውን አወለቁ። "እንግዲህ እንድሪስ፣ ሰው ነንና ተሳስተን…" ብለው ጀመሩ።

አልጨረሱትም። ትርንጎ ልጇን እንደታቀፈች አባቴ እግር ላይ ወደቀች።

"ጅብ ይሁኑ አይሁኑ እኔ ምን አገባኝ! ልጄን ይትፉልኝ! እያለቀችብኝ ነው!"

አባቴ ባሌስትራውን መሬት ላይ ጣለ። ተንበርክኮ ነጠላውን ገለጠ። "ማሬ" አላት። "ማሬ፣ ወናፉን ማን ይንፋልኝ?" ዓይኗን አልገለጠችም።

"ሐኪም አይቷታል?"

"መርፌው ይገድላታል አልኩ እኮ!"

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ሊል እንደሆነ ከዓይኑ ስላወቅሁ ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። ተነስቶ ቆመና ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ "በልቻታለሁ" አለ።

"አባዬ!"

"አንቺ ዝም በይ።"

"አሁን እኮ ሁለት ናቸው አሉ! አሁን እኮ!"

"በልቻታለሁ" አለ እንደገና። "የበላኋት ግን ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነው፤ ስታልፍ አይቻት። ቡዳ የበላበት ቦታ ካልሆነ መትፋት አይሆንለትም። ይሄን የማያውቅ አለ?"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁሉም ያውቅ ነበር።

"መርፌውስ?" አለች ትርንጎ።

"ከተፋሁባት በኋላ መርፌ ምንም አያደርጋትም። እንዲያውም ካልተወጋች ነገውኑ ደግሜ እበላታለሁ። ነገርኩሽ!" ዓይኑን አፈጠጠባት። ትርንጎ ብድግ ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

የአህመድ እናት ጥላዋን ዘርግታ ሄደች። ዞራም አላየችኝ።

ሕዝቡ ባጃጁን ተከትሎ ሲሮጥ እኔም እያለቀስኩ ሮጥኩ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ዱላውን ጋረጠ።

"ምን ልታደርጉ ነው?"

"እንድሪስ ሊተፋ ነው!"

"እዚህ መትፋት ክልክል ነው። ተለጥፏል፣ አታነቡም?"

"ይትፋ!" አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። ጋሽ አበጋዝ "እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ፣ ይትፋ!" ብለው ዱላውን ያዙ። ዘበኛው ለቀቀ። አባቴ ጎንበስ አለ፣ አፉን አሾለ፣ ምንም የለም። የወረኢሉ መንገድ አቧራ ምራቁን አድርቆታል። "ምራቅ የለኝም" አለኝ በሹክሹክታ። ሕዝቡ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ውሃ ከየት አምጥቼ እንደሰጠሁት አላስታውስም፤ እየተናደድኩ ግን እኔው ነኝ የሰጠሁት። ተጉመጠመጠና እንትፍ! አለ። ሕዝቡ "እሰይ!" ሲል አንዲት ነርስ ወጣች። "ምንድን ነው ይሄ ግርግር?" ብላ ልትቆጣ ስትል ማሬን አየች። ቁጣውን ትታ ልጅቷን ከትርንጎ ነጥቃ እየሮጠች ገባች። ጉሉኮስ ተሰካላት።

ስንመለስ ጉድጓዱ ባዶ ነው። ባለሙያው ሰው ዞር ሲልለት ሳንቃውን አጋድሞለት፣ ጅቡ ጥፍሩን ሳንቃው ላይ አትሞ ሄዷል። ወሬው ከጅቡ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። "አያችሁ? ሲያምን ተለቀቀ!" ጋሽ አበጋዝን "ሁለት ናቸው ብለው አልነበረም?" ብዬ ያዝኳቸው። "ልጄ፣ ዓይኔ እኮ ደክሟል" አሉኝ።

እቤት ገብቼ ያለኝን ሁሉ አባቴ ላይ ጣልኩት። "ዕድሜ ልኬን የምጠብቀው ቀን ነበር! ነፃ አውጥቼህ ነበር! አህመድንም አሳጣኸኝ!" አባቴ እግሩን እየታጠበ አዳመጠኝ።

"ማሬ ብትሞት ኖሮ፣ ጅብ አለመሆኔን ለማን ነው የምታሳዪልኝ?" አለ። "ለእናቷ? ዘይኔ፣ አንቺ እውነት ይዘሽ ነበር። ልጅቷ ግን ጊዜ አልነበራትም።"

ለወራት በወጉ አላናገርኩትም። የአህመድ ሽማግሌ አልመጣም፤ አባቷ ጅብ ያልሆነ ልጅ አገባ፤ ይባረክላቸው። አባቴ ግን ሥራ በዛበት። ከዚያ ወዲህ ልጅ የታመመባት እናት እየፈለገችው ትመጣለች። የሱም መልስ አንድ ነው፤ "ሐኪም ቤቱ በር ላይ እንገናኝ።" ዘበኛውም ለምዶት "አያ እንድሪስ፣ እባክዎ ወደ ዳር" ብቻ ነው የሚለው። እኔ ፊት ለፊት ማስረጃ ደርድሬ መግፋት ያቃተኝን ነገር አባቴ እንደ መዶሻ እጀታ ጨብጦ ይሠራበታል።

አንባቢዎቼ፣ ቡዳ የሚባል ነገር እውነት ነው ብላችሁ እንዳትይዙብኝ። ውሸት ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ጋብቻ፣ ብዙ ልጅ ያለ ሕክምና ያስቀረ ውሸት ነው፤ እኔ ዛሬም እናደድበታለሁ። ጅቡም ያ ሁሉ ሰው ሲፈርድበት የዋለው፣ እኛ የጣልነውን አጥንት ሊበላ መጥቶ ነው፤ ሽቦው አንገቱ ላይ እንዳለ መሄዱ እስካሁን ይከነክነኛል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሰፈራችሁ ልጅ ታሞ "እከሌ በላው" ሲባል ብትሰሙ፣ አትከራከሩ። መጀመሪያ ልጁን ባጃጅ ላይ ጫኑት፤ ክርክሩን መንገድ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ማሬ ፀጉር ቤቴ መጣች። ይኸውላችሁ ዛሬ ኮረዳ ሆናለች፤ ልፍለፋዋም አልለቀቃትም። ሹሩባ እየሠራሁላት በመስታወቱ አየችኝ።

"እታለም፣ አያ እንድሪስ በልተውኝ ነበር የሚባለው እውነት ነው?"

ሰው አልነበረም። "አልበሉሽም" አልኳት። "ተቅማጥ ይዞሽ ነበር። ሐኪም ቤት እንድትሄጂ ብለው ነው የዋሹት።"

"አውቃለሁ" አለች። "እማዬም ታውቃለች።"

እጄ ቆመ። "ታውቃለች? ታዲያ እስካሁን 'እንድሪስ በልቶብኝ' የምትለው ለምንድን ነው?"

ማሬ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"እሳቸው ካልበሉኝ፣ እቤት አስተኝታ ልትገድለኝ የነበረችው እሷ ናታ።"

አንገቷን ቀና አድርጌ ሹሩባዋን ቀጠልኩ።